ልምምድ ላይ አንበሳ፣ ውድድር ላይ ሌላ ሰው

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ታዳጊ ሯጮችን አሰለጥናለሁ። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ 1500 ሜትር ነው የምትሮጠው። ሆጤ ሜዳ ላይ ወንዶቹን ሳይቀር ታስጨንቃለች። ለውድድር ኮምቦልቻ ስንወርድ ግን የመጀመሪያውን ዙር እንደ እብድ ትወጣና ሦስተኛው ላይ እግሯ ይተሳሰራል። «አትፍሪ» እላታለሁ፣ እቆጣለሁ፣ አባብላለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ቡድኑን ሰብስቤ ስለ አእምሮ ዝግጅት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምሬያቸው ነበር፤ በማግስቱ ሁሉም ረስቶታል። የስነ ልቦና ባለሙያ ለመቅጠር ደግሞ አቅሙ የለንም። ምን ይሻላል?
አሰልጣኙ፣ ከደሴ

መልስ፦ ኮች፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐረጎን ስትወርዱ ልጅቷን መኪና ያቅለሸልሻታል? የምሬን ነው። ከደሴ ብርድ ተነስታ፣ ቁርስ በቅጡ ሳትበላ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዳ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የገባች ልጅ ሦስተኛው ዙር ላይ ብትዝል «ወኔ አነሳት» ማለት ግፍ ነው። ቀደም ብላችሁ ውረዱ፣ ውሃ ትጠጣ፣ ትረፍ። ከዚያ በኋላም ያው ከሆነ ወደ ጭንቅላቷ እንሂድ።

ስብሰባውን ተወው። ንግግር ሰምቶ ሰዓቱን ያሻሻለ ሯጭ አይተህ ታውቃለህ? ትኩረት፣ ትንፋሽ፣ ለራስ የሚባል ቃል፣ እነዚህ ሁሉ የሚለመዱት እግር በሚለመድበት ሰዓት፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ላብ እየወረደ ነው። ለብቻው ቀን አትመድብለት፣ ካለህ ልምምድ ውስጥ ክተተው።

400 ሜትር እየደጋገማችሁ በምትሮጡበት ቀን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያዝ። እግር የሚቃጠለው ያኔ ነው። ከመነሳቷ በፊት «ሲከብድሽ ለራስሽ ምን ትያለሽ?» ብለህ ጠይቃት። አንተ አትምረጥላት። «ክንድ ላላ» ትበል፣ «ተከተያት» ትበል፣ ብቻ አጭርና የራሷ ይሁን። ስትጨርስ ሰዓቷን ከመንገርህ በፊት «አልሽው? የት ጋ?» በላት። መጀመሪያ አካባቢ ይስቃሉ፣ ግዴለም ይሳቁ።

«አትፍሪ» የምትለዋን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ፍርሃት ትዝ ያላላትን ልጅ እያስታወስካት ነው። በምትኩ የሚሠራ ነገር ስጣት፦ «የመጀመሪያውን 200 ከፊትሽ ካለችው ጀርባ ቆዪ።» ይኼ በእጇ ያለ ነገር ነው።

እንደ እብድ መውጣቷን ደግሞ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1908 ዬርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአይጥ ላይ ባደረጉት ሙከራ ማነቃቂያው መጠነኛ ሲሆን እንደሚረዳ፣ ሲበዛ ግን ከበድ ያለውን ሥራ እንደሚያበላሽ አይተዋል። ሰውና አይጥ አንድ አይደለም፣ ነገሩ ግን ሜዳ ላይ በየቀኑ የምናየው ነው። ያንተ ልጅ ሞራል አላነሳትም፣ በዝቶባታል። መነሻው መስመር ላይ ቆማ «በርቺ ጀግና!» እያልክ ስትጮህባት እሳት ላይ ቤንዚን እየጨመርክ ነው። ይልቅ እስከ 4 ቆጥራ አየር ታስገባ፣ እስከ 6 ቆጥራ ቀስ ብላ ታስወጣ። የምታስወጣው ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ግን ይኼን ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ቀን ላይ እንዳታመጣባት፤ ከየዕለቱ ማሟሟቂያ በኋላ ትልመደው። ሁሉም ልጅ ደግሞ መረጋጋት አያስፈልገውም። ከእንቅልፉ ያልነቃ የሚመስለውን አንተው ታውቀዋለህ፣ እሱን ቀስቅሰው።

አልፎ አልፎ ቅዳሜ ልምምዱን ውድድር አድርገው። የደረት ቁጥር ለጥፉ፣ «በየቦታችሁ» በል፣ በፊሽካ አስነሳ፣ ቤተሰብና የሰፈር ልጅ ዙሪያውን ቆሞ ይጩህ።

በምናብ መለማመድም አለ። ብዙ አሰልጣኝ «ስታሸንፊ አስቢ» ይላል፣ እኔ ይኼን ብዙም አልወደውም። ዓይኗን ጨፍና ሦስተኛውን ዙር ትሩጠው፣ በእውነተኛው ፍጥነት፣ ሁለት ልጆች ሲያልፏት፣ ጉሮሮዋ ሲደርቅ። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ቀድማ ትወስን፦ «ካለፉኝ ክንዴን አላላና ከኋላቸው እለጠፋለሁ።» ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ዓይነቱን «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ አጥንቶታል። «ጎበዝ እሆናለሁ» ከሚለው ባዶ ምኞት የተሻለ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሰዓቱ ሲደርስ ማሰብ አይጠበቅባትም።

በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ የገባው በሲሳይ ለማ ምትክ ነው። ማራቶኑን በ2:06:26 አሸንፎ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በጭንቅላቱ ውስጥ ምን እንደነበር እሱ ይንገረን፣ ግን ተጠባባቂ ሆኖ እንደ ተመራጭ የተዘጋጀ ሰው እንደነበር ውጤቱ ይናገራል። ለልጆችህ ይኼን ንገራቸው፣ ከሰዓት ሙሉ ምክር ይበልጣል።

አንድ ነገር ብቻ ለይ። ልጅቷ ከውድድር ውጭም እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ከሰው ከራቀች ይኼ የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም። ከወላጆቿ ጋር ተነጋግራችሁ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዷት። ይህች ከተማ ብዙ አይታለች፣ ልጆቹም አብረው አይተዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጂም ውስጥ የግል አሰልጣኝ ነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ፋብሪካ በሽፍት የሚሠሩ ናቸው። በጉጉት ይመዘገባሉ፣ ሳይቆዩ ይጠፋሉ። እያበረታታሁ ደከመኝ።
እህታችሁ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ማበረታታቱን ቀንሺው፣ ማስመረጡን ጨምሪ። ደሲና ራያን የተባሉት ተመራማሪዎች ሰው ነገሩን የራሴ ምርጫ ነው ሲል፣ እችለዋለሁ ሲል፣ ከሰዎቹ ጋርም ሲስማማ እንደሚቆይበት ለረጅም ዓመታት ሲያስረዱ ኖረዋል። «ዛሬ ስኳት ወይስ ገመድ?» ብለሽ ብትጠይቂ ምንም አይጎድልብሽም። የሌሊት ሽፍት ለወጣ ሰው ደግሞ የሌሊት ዕቅድ ይኑረው፦ «ከሌሊት ከወጣሁ 20 ደቂቃ ብቻ እሠራለሁ።» 20 ደቂቃ ከዜሮ ይሻላል፣ «ቀረሁ» ከሚለው እፍረትም ያድነዋል። ሰው የሚጠፋው አንዴ ቀርቶ ፊትሽን ማየት ሲያፍር ነው፤ ሲመለስ «የት ጠፋህ!» አትበዪው።

አነጋገርሽንም እዪው። «ጉልበትህን ዘርጋ» ከምትዪ «መሬቱን ግፋው» በዪ። ጋብሪየሌ ዉልፍ የተባለች ተመራማሪ ደጋግማ እንዳሳየችው ትኩረት ከአካል ክፍል ይልቅ እንቅስቃሴው ውጭ ላይ በሚያመጣው ነገር ላይ ሲያርፍ እንቅስቃሴው ይሻላል። ነገውኑ ሞክሪው፣ ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ኳስ ተጫዋች ነኝ። ጓደኞቼ ከጨዋታ በፊት ትንሽ ጫት ትኩረት ይሰጣል ይላሉ። እውነት ነው?
ከደሴ

መልስ፦ ምርቃናን ከትኩረት ጋር አታምታታው። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ አንተ ደግሞ ከጨዋታ በፊት የቸገረህ የልብህ መምታት ከሆነ ጭራሽ አባባስከው። ሌላም አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ በውድድር ጊዜ ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ያስቀጣል። ካቲኖንም እዚያው ዝርዝር ላይ ነው። ክለብህ ውስጥ ሐኪም ካለ ይኼንኑ ጠይቀው፣ ለኮቹ የጻፍኩትን የትንፋሽ ልምምድም ከላይ አንብበው።