ሴፍቲ ቫልቩ ሲተነፍስ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ውስጥ የቦይለር ኦፕሬተር ነኝ። በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት 8 ባር ሲሆን፣ ሴፍቲ ቫልቩም (ግፊት ከልክ ሲያልፍ በሞላ የተጫነው ክዳኑ ተነሥቶ እንፋሎት የሚያስወጣው መሣሪያ) በ8 ባር እንዲከፈት ተስተካክሎ በእርሳስ ማኅተም ታሽጓል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሥራ ላይ እያለን በቀጭኑ እንፋሎት ያፈስሳል። መካኒካችን ሁለት መላ አቅርቧል፤ ወይ ሞላውን ማጥበቅ፣ ወይ ከቫልቩ ሥር በእጅ የሚዘጋ ጌት ቫልቭ ገጥሞ ቦይለሩ ሳይቆም ፈትቶ ማጽዳት። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱንም እንዳያደርጉ አጥብቀን እንመክርዎታለን። ከቦይለሩ እስከ ሴፍቲ ቫልቩ፣ ከቫልቩም እስከ አየር መውጫው ባለው መንገድ ላይ ማንኛውም መዝጊያ አይገባም፤ ለጽዳት የተዘጋ ጌት ቫልቭ በፈረቃ ለውጥ መካከል ተረስቶ ሊያድር ይችላልና። ሞላውን ማጥበቅም የመክፈቻውን ግፊት ከስም ሰሌዳው በላይ ከማውጣቱ ሌላ፣ የሞላው ቀለበቶች ተጠጋግተው ክዳኑ እንደሚገባው እንዳይነሣ ሊያደርጉ ይችላሉ።

የፍሳሹን ምክንያት ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንፋሎቱ የሚገፋው የክዳኑ ክፍል 40 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረው፣ 8 ባር ከሥር የሚገፋው አንድ ኩንታል ጤፍ በሚያህል ኃይል ነው፤ ሞላውም የሚጫነው በዚያው መጠን ነው። ቦይለሩ በ7 ባር ሲሠራ ክዳኑን በመቀመጫው ላይ የሚይዘው ትርፍ ኃይል 13 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በ7.8 ባር ሲሠራ ግን የሚቀረው 2 ኪሎ ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ አንዲት የዝገት ቅንጣት ለማፍሰስ ትበቃለች። ስለዚህ በቅድሚያ የምትሠሩበትን ግፊት ይመርምሩ፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) አሳንሶ እያነበበ ሊሆን ስለሚችል ከተፈተሸ ሌላ ጌጅ ጋር ያመሳክሩት፣ በርነሩን (የእሳቱን ማንደጃ) የሚያጠፋው የግፊት ስዊችም ከቦታው ሸሽቶ እንደሆነ ወደ 7 ባር ይመልሱት።

ግፊቱ ትክክል ሆኖ ፍሳሹ ከቀጠለ፣ ቢያንስ 6 ባር ሲደርስ ከመውጫው ፊት ገለል ብለው እጀታውን ሙሉ በሙሉ ያንሡ፣ ጥቂት ሰከንድ ያቆዩትና በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ቆሻሻ ከሆነ እንፋሎቱ ራሱ ይጠርገዋል። ሆኖም ሁለት ወር ያፈሰሰ ቫልቭ በዚህ ብቻ ይድናል ብለን አንገምትም። ቦይለሩ ቆሞ፣ ቀዝቅዞ፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ተፈትቶ ቢታይ፣ መቀመጫው ላይ ፀጉር የመሰለ የሚያብረቀርቅ ጭረት ሳይገኝ አይቀርም፤ በጠባብ ክፍተት የሚሾልክ እንፋሎት ብረትን እንደ ቢላ ይቆርጣልና። ይህን አለስልሶ፣ በሙከራ መሣሪያ ሞክሮ፣ እንደገና ማሸግ የባለሙያ ሥራ ነው። ሥራችሁ እንዳይስተጓጎል ከፈለጋችሁ ከጌት ቫልቭ ይልቅ ተፈትሾ የታሸገ መጠባበቂያ ቫልቭ ግዙ።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ቫልቩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከሥሩ ያለው ቧንቧ አጭርና ከቫልቩ መግቢያ ያልጠበበ ይሁን። የመውጫው ቧንቧ ክብደት በግድግዳ ላይ እንጂ በቫልቩ ላይ አይረፍ፤ ክብደቱ አካሉን አጣሞ ያለ ሌላ ምክንያት ሊያስፈስሰው ይችላል። በታችኛው ክርን ላይ ያለው የውኃ ማንጠፊያ ቀዳዳም ክፍት ይሁን። በአንድ ፋብሪካ ይህ ቀዳዳ ከግድግዳው ጋር አብሮ ቀለም ተቀብቶ ተደፍኖ፣ የክረምቱ ዝናብ ቧንቧውን እስከ ቫልቩ አፍ ሞልቶት አይተናል።

ጥያቄ፦ በደሴ የክሊኒክ ነርስ ነኝ። ከፍታ ቦታ ላይ ስለሆንን የአውቶክሌቫችን (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት መሣሪያ) ሴፍቲ ቫልቭ መስተካከል አለበት?

መልስ፦ ቫልቩ አይነካ። ባለሞላ ቫልቭ የሚከፈተው በውስጡና በውጭው ግፊት ልዩነት ስለሆነ ደሴም ሆነ ምፅዋ በጌጁ ላይ ያው ነው። የሚለወጠው ሙቀቱ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን መንገድ ሲወጡ ጆሮዎን የሚደፍነው የአየር ግፊት መቀነስ እዚህም ይሠራል፤ በባሕር ጠለል ላይ ጌጁ 1.05 ባር ሲያነብ 121 ዲግሪ የሚደርሰው እንፋሎት፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ በዚያው ንባብ የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ 1.3 ባር አካባቢ ማሳየት አለበት። የመሣሪያው ስም ሰሌዳ ይህን የሚፈቅድና ሴፍቲ ቫልቩም ከዚያ በላይ የሚከፈት ከሆነ ግፊቱን ከፍ ያድርጉ፤ ካልሆነ በአምራቹ መመሪያ መሠረት የማምከኛውን ጊዜ ያራዝሙ። በሁለቱም መንገድ ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ቴርሞሜትሩን አይተው ነው።