መጀመሪያ ለቤትሽ ድመት ምረጪላት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 6 ዓመት የሆናት፣ እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን የተደረገች ድመት አለችሽ። ጨዋ ናት፣ ግን ማንም አቅፎ እንዲይዛት አትፈልግም። የ7 እና የ10 ዓመት ልጆችሽ ደግሞ ጭናቸው ላይ የሚተኛ ድመት አምሯቸዋል። ዘሩ የተመዘገበ ድመት ለመግዛት አስባችሁ ከራግዶል፣ ከፐርዢያንና ከስኮቲሽ ፎልድ የቱ ይሻላል ብለሻል። መልሴ ይረዝማል። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ አበላሽቼዋለሁ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ግን ተሳክቶልኛል፤ ልዩነቱ የመጣውም ከዘሩ ስም ብቻ አይደለም።

የእኔ የመጀመሪያ ድመት ሚሚ ትባላለች። እንዳንቺዋ ቁጥብ ነበረች፣ ግን ማታ ማታ ሥራዬን ጨርሼ ስቀመጥ መጥታ እግሬ ላይ ትተኛለች፣ ኩርር ትላለች። 7 ዓመት ሲሆናት ልጆቼ የሚታቀፍ ድመት ይምጣልን አሉ። በርሚዝ የሚባለው ዘር ሰው ወዳድ መሆኑን ሰማን። እውነትም ነው፤ በርሚዝ ሰውን እየተከተለ ከክፍል ክፍል የሚዞር፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚገባ ድመት ነው። ቡኒ ያልነውን የ14 ሳምንት ወንድ ግልገል ይዘን ገባንና ሳሎን መሀል ሳጥኑን ከፈትንለት። በቃ፣ ይተዋወቁ አልን።

ሚሚ ጸጉሯን አቁማ ፍፍፍ አለች። እሱ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ሲላፋ ያደገ ስለሆነ ጨዋታ መሰለውና ዘሎ ጀርባዋ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ኑሮዋ አልጋ ሥር ሆነ። የምትበላው ሌሊት ነው። በአምስተኛው ቀን የልጄ አልጋ ላይ ሸናች። እኔ ቂም ይዛ ነው ብዬ ተቆጣኋት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእንስሳት ሐኪሙ ሲያያት ፊኛዋ ተቆጥቷል። ድመት ጭንቀት ሲበዛባት ኢንፌክሽን ሳይኖርም ፊኛዋ ሊቆጣ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት። በዚያ ላይ የነበረን አንድ የአሸዋ ሳጥን ኮሪደሩ ጥግ ነበር፣ ቡኒ ደግሞ በሩ ላይ አድፍጦ ይጠብቃት ነበር። ለመሽናት እንኳን መንገድ አልነበራትም። (በነገራችን ላይ ወንድ ድመት እየሞከረ ሽንት እምቢ ካለው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ይዘሽ ሩጪ።)

ሁለቱን ለያይተን ከዜሮ ጀመርን፣ ሁለት ወር ፈጀብን። አሁን በሰላም ይኖራሉ፣ ግን ጓደኛሞች አይደሉም፤ እሷ ቁም ሳጥን ላይ፣ እሱ አልጋ ላይ ነው። ሚሚ ማታ እግሬ ላይ እንደገና መተኛት የጀመረችው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ «የትኛው ድመት ልጆቼን ያቅፍልኛል» ከማለትሽ በፊት «የኔዋ ድመት ከምን ዓይነት ጋር መኖር ትችላለች» ብለሽ ጠይቂ። እሷ ከተረበሸች አዲሱ የቱንም ያህል ፍቅር ቢኖረው ቤቱ ሰላም አያገኝም።

አንዲት ቁጥብ የ6 ዓመት ድመት የምትፈልገው የጉልበቱ መጠን ከእሷ ጋር የሚቀራረብ፣ ሲነገረው የሚሰማ ድመት ነው። ፍፍፍ ስትለው ቆም የሚል፣ ዓይኑን ከዓይኗ የሚያነሣ። ለዚህ ነው በጣም ሰው ወዳድ የሚባሉትን አንዳንድ ዘሮች ለቤትሽ የማልመክረው። ሲያሚዝ ፍቅሩ ልክ የለውም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ብቻውን መዋል አይወድም፣ ያለችውን ድመት ያስጨንቃታል። በርሚዝንና የሲያሚዝና የበርሚዝ ቅልቅል የሆነውን ቶንኪኒዝን ንቁና ተጫዋች ድመት ላለው ቤት እመክራለሁ። አቢሲኒያንንም ብዙ ሰው ስሙ የአገራችን ስለሆነ ይወደዋል። ስሙ ከእኛ ቢመጣም የዘረመል ጥናት የሚያመለክተው መነሻው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አካባቢ መሆኑን ነው። ብልህና ሰው ወዳድ ነው፣ ነገር ግን ሲሮጥና ሲወጣጣ የሚውል እንጂ ጭን ላይ የሚረጋ አይደለም።

አንቺ ወደጠየቅሽኝ ሦስቱ ልምጣ። ስኮቲሽ ፎልድን አትውሰጂ። ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምነግርሽ። ያ ሁሉ ሰው የሚወደው የታጠፈ ጆሮ የሚመጣው የ‍ጆሮ ብቻ በሆነ ችግር ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም። ጆሮውን የሚያጥፈው ዘረመል በመላ አካሉ ያለውን ልም አጥንት ያበላሻል፤ እግሩና ጅራቱ ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች ከጊዜ ጋር ይደድራሉ፣ ያማሉ። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰውም ከዚህ ችግር አያመልጥም። የብሪታንያው የድመት መዝጋቢ አካል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መመዝገቡን ያቆመው በዚህ ዓይነት ችግር ምክንያት ነው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ «የኔ ረጋ ያለ ነው፣ ብዙ አይዘልም» የሚሉሽ ሰዎች የሚያወሩሽ ስለ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ፐርዢያን ለድመትሽ ይስማማል፤ ዝግ ያለ፣ የማይረብሽ ነው። ሥራው ግን ብዙ ነው። ጸጉሩ በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ ቆዳውን ይስባል፣ ዓይኑ ስለሚያለቅስ መጠረግ አለበት። ፊቱ በጣም የተደፈጠጠው መተንፈስ ይከብደዋል፤ ከወሰድሽ አፍንጫው ወጣ ያለውን ምረጪ። ኩላሊት ላይ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች የሚያወጣ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታም አለበት። የዘረመል ምርመራ ስላለው ወላጆቹ ነጻ መሆናቸውን በወረቀት ማየት ትችያለሽ። ወረቀቱ ከሌለ ተመለሺ።

ራግዶል ከሦስቱ ለእናንተ የሚቀርበው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አን ቤከር የተባለች አርቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረችው ዘር ነው። ስሙ የጨርቅ አሻንጉሊት ማለት ነው፤ ሲያነሡት ሰውነቱን ለቀቅ አድርጎ ስለሚንጠለጠል። ሕመም አይሰማውም የሚል የቆየ ወሬ አለ፤ ፍጹም ውሸት ነው፣ ልጆችሽም ይህን ይወቁ። ሙሉ አቋሙን እስኪይዝ 4 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ወንዱ እስከ 9 ኪሎ ይደርሳል፤ የ7 ዓመት ልጅ ተሸክሞት መዞር አይችልም። ጸጉሩ ረጅም ቢሆንም እንደ ፐርዢያን አይቋጠርም፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ማበጠር ይበቃዋል። ስጋቱ ልብ ነው። የልብ ጡንቻን የሚያወፍር በዘር የሚወረስ በሽታ አለው፣ ሜይን ኩን የሚባለው ሌላ የድመት ዘርም እንደዚሁ። ሁለቱም የዘረመል ምርመራ አላቸው፣ ግን ምርመራው አንድን የታወቀ ለውጥ ብቻ ስለሚያይ ነጻ ነው የተባለም ሊታመም ይችላል። ጥሩ አርቢ የሚያራባቸውን ድመቶች በተጨማሪ በልብ አልትራሳውንድ ያስመረምራል።

እኔ ሁለተኛ ጊዜ የመረጥኩት ግን አንቺ ያልጠቀስሽውን ነው፤ ቢርማን። ከበርሚዝ ጋር ስሙ ይመሳሰላል፣ ዘሩ ግን ሌላ ነው፣ ስትጠይቂ አደራ እንዳይምታታብሽ። ዓይኑ ሰማያዊ፣ አራቱም እግሩ ጫፍ ነጭ ጓንት ያጠለቀ የሚመስል፣ ጸጉሩ እንደ ሐር ነው። ከራግዶል ትንሽ ያንሳል። ረጋ ያለ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ከሌላ ድመት ጋር የሚቻቻል ነው።

ከዘሩ በላይ የረዳኝ ሌላ ነገር አለ። ግልገል አልወሰድኩም። አርቢዎች ወልዳ የጨረሰችን እናት 3 ወይም 4 ዓመት ሲሆናት ኦፕራሲዮን አስደርገው ጥሩ ቤት ይፈልጉላታል። የኔዋ ደመና እንዲህ ነው የመጣችው፣ 3 ዓመቷ ነበር። ከሌሎች ድመቶች ጋር ስለኖረች የድመት ወግ ታውቃለች። ሚሚ ፍፍፍ ስትላት ፊቷን አዙራ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ቀስ ብላ ጨፈነች። ቡኒ በስንት ወር ያልተማረውን እሷ ይዛው መጣች። ሌላው ጥቅም አመሏ የታወቀ መሆኑ ነው። ግልገል ሁሉ ይታቀፋል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚሆን ግን ዋስትና የለም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንደሚባለው ያደገችን ድመት አመል አይተሽ ነው የምትወስጂው። ይህን መንገድ አስቢበት፣ ሰው ብዙ አያስታውሰውም።

የምንፈልገው ግልገል ነው ካላችሁ ደግሞ ግልገሉ ሳይሆን እናቱ ትታይ። እናቲቱ እንግዳ ሲመጣ የምትሸሽ ከሆነች ልጆቿም ከእሷ ይማራሉ፤ አባትየውም ድፍረትን ለልጆቹ ያወርሳል፣ ስለ እሱም ጠይቂ። ድመት ከሰው ጋር የምትላመድበት ዋናው ጊዜ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ ግልገሎቹ ያደጉት ሰው በሚኖርበት ክፍል ይሁን ወይስ ጓሮ ባለ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ተዘግቶባቸው፣ ይህ ከየትኛውም ዘር ስም ይበልጣል። ከ12 ወይም 13 ሳምንት በፊት ከእናቱ የሚለይን አትቀበይ፤ ንክሻን መቆጣጠርና የሌላን ድመት ቁጣ መረዳት የሚማረው እዚያ ነው። እዚያ ስትደርሱ ወለል ላይ ተቀመጡና ዝም በሉ። መጀመሪያ እየሮጠ የመጣው ሁሉን የሚደፍረው ነው፣ እሱ ለቁጥብ ድመት ላይስማማ ይችላል። እኔ የምወስደው ትንሽ አይቶ የሚቀርበውን፣ ሲታቀፍ የሚረጋውን፣ ወርዶ ደግሞ የሚመለሰውን ነው። ካልተስማሙ መልሶ የሚቀበልሽ መሆኑንም አርቢውን በጽሑፍ አስፈርሚው። ልጆቹንም ይዘሻቸው ሂጂና ሰዓት ያህል ከድመቶቹ ጋር ይቆዩ፤ አለርጂ ካለባቸው ቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል፣ አለርጂ የማያስነሣ የድመት ዘር የሚባል የለምና።

ቤት ስታስገቢው ደግሞ በር ያለው አንድ ክፍል ለእሱ ብቻ ይሁን፤ የራሱ ውኃ፣ ምግብ፣ መኝታና አሸዋ ያለበት። እኛ ደመናን 12 ቀን ነው ያቆየናት። ይህ ለጸባዩ ብቻ አይደለም፣ ጉንፋን ወይም ጭርት ይዞ ቢመጣ ለድመትሽ ሳያስተላልፍ ይታወቃል። ሐኪም ጋም ወስደሽ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ምርመራ አስደርጊለት። በእነዚያ ቀናት ሁለቱን በበሩ ግራና ቀኝ አብሊያቸው፤ መጀመሪያ ሳህኖቹ ከበሩ ራቅ ይበሉ፣ ሳይረበሹ ሲበሉ በየቀኑ አስጠጊያቸው። የአንዱን መኝታ ጨርቅ ለሌላው ስጪ። ጨርቁን አሽታ ፍፍፍ ካለች ሌላ ሁለት ቀን ጨምሪ፤ አሽታ ከሄደች ወይም ከተኛችበት በሩን ትንሽ ከፍተሽ ይተያዩ። ከዚያ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር፣ ሁሌም ነገሩ ገና ደህና ሳለ ለያያቸው። ፍፍፍ ማለት ንግግር ነው፣ አትቆጪባት። የሚያሳስበው አንዱ ሌላውን ፈጦ ማየቱ፣ መንገድ መዝጋቱ፣ አሳዶ ጥግ ማስያዙ ነው። የአሸዋ ሳጥን ለሁለት ድመት ሦስት ያስፈልጋል፣ በተለያየ ቦታ፤ ሦስቱን አንድ ጥግ ብትደረድሪያቸው ለድመቷ እንደ አንድ ነው። ድመትሽ ከፍ ብላ የምታይበት፣ አዲሱ የማይደርስበት ቦታም ይኑራት።

ልጆችሽ ትዕግሥት ይፈልጋሉ፤ ቤት ውስጥ አዲስ ድመት እያለ በር ተዘግቶ መጠበቅ ለልጅ ከባድ ነው። እኔ ለልጆቼ ተራ አወጣሁላቸው፣ አንዱ ከደመና ጋር ሲቀመጥ ሌላው ከሚሚ ጋር። ሚሚ እንዳትረሳ ብዬ ያደረግኩት ነው፣ ግን ልጄ ሚሚ በገመድ መጫወት እንደምትወድ ያን ጊዜ ነው ያገኘው፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማናችንም ሞክረነው አናውቅም ነበር። ልጆቹ ቁጭ ብለው ድመቷ ራሷ ጭናቸው ላይ እስክትወጣ ይጠብቁ፤ ካነሡም አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከኋላ እግሯ ሥር ይሁን፣ መውረድ ስትፈልግ ወዲያው ይልቀቋት።

አርቢው ጋ ልታዪ ስትሄጂ ድመትሽ የምትተኛበትን ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። አዲሱ ድመት እዚያ ሆኖ ያሽተው፣ ከእሱም መኝታ ጨርቅ ለምነሽ ወደ ቤት አምጪላት። የእኔዋ ሚሚ የደመናን ሽታ ከመምጣቷ ከሁለት ሳምንት በፊት ታውቀው ነበር፤ በሩ ሲከፈት አሸተተቻትና ተመልሳ ወደ ምግቧ ሄደች።