ለሽልማት ብዬ ስልኬን ሰጠሁ፤ አሁን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በፌስቡክ “ገጹን ተከተሉ፣ ለወዳጆቻችሁ አጋሩ፣ ቅጹን ሙሉ፤ ቴሌቪዥን ትሸለማላችሁ” የሚል ውድድር አይቼ ተሳተፍኩ። ዕጣው ግን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የማናውቃቸው ሰዎች ስለ ብድርና ስለ ቤት ሽያጭ እየደወሉ አስቸገሩን። አንዱማ እናቴን ከነአያቷ ስም ጠርቶ “ሽልማትዎ ደርሷል፤ በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ” አላት። እኔ የሰጠሁት ስምና ስልክ ብቻ ነው። መክሰስ እችላለሁ? (ጠያቂ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከክሱ በፊት በደብዳቤዎ ያልጻፉትን ላንሳ። የሰጡት የራስዎን ስምና ስልክ ብቻ ከሆነ፣ ሰውየው እናትዎን ከነአያታቸው ስም ከየት አወቃቸው? “አስቸገሩን” ብለዋልና የሚደወለው ለእርስዎ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያሉ ውድድሮች ብዙ ሰው ላስመዘገበ ብዙ ዕድል ይሰጣሉ፤ “አሸናፊውን ለማረጋገጥ” በሚል ሰበብም የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቃሉ። ግምቴ እናትዎን አስመዝግበው መታወቂያቸውን ልከዋል የሚል ነው። ከተሳሳትኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እውነት ከሆነ ግን ከጠበቃዎ አይደብቁት።

ሕጉ በአጭሩ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው ዓላማውን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ለእርስዎም ፈቃድዎን የማንሳትና መረጃው እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አቤቱታው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቀርባል። ስለዚህ መንገድ አለ።

ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን ሌላ ነው፤ የሌላውን ሰው መረጃ እንደ ራሳቸው ንብረት አንስተው ይሰጣሉ። “እናቴ ናት፣ ምን ችግር አለው?” ይላሉ። እኅቴ፣ ችግር አለው። አዋጁ የሚያውቀው ፈቃድ የመረጃው ባለቤት አውቆና ወዶ የሰጠውን ነው፤ አካለ መጠን ያደረሰ ሰው ፈቃድ ደግሞ ልጁ ስለሆኑ ብቻ በእርስዎ እጅ አይገባም። እናትዎ ሳያውቁ ተመዝግበው ከሆነ፣ ድርጅቱ ነገ “ፈቃድ ሰጥተውናል” ሲል እርሳቸው አልሰጠሁም ማለት ይችላሉ፤ ይህ ይጠቅማቸዋል። እርስዎ ግን መረጃውን ያቀበሉት ራስዎ ስለሆኑ፣ ብቻዎን ከሳሽ ሆነው ሲቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ እርስዎ ይዞራል። ይከሰሳሉ እያልኩ አይደለም፤ ሳይዘጋጁ አይቅረቡ እያልኩ ነው። ጉዳቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ስልክ ቁጥር ይቀየራል፤ የእናትዎ የልደት ቀንና በመታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ግን አይቀየሩም፤ አንዴ ከወጡ በስማቸው ሲም ካርድ ሊያወጣ ወይም ብድር ሊጠይቅ የሚሞክር ሰው እጅ ሊገቡ ይችላሉ። በአስተያየት መስጫው ስር ስማቸውን የጠቀሷቸው ወዳጆች ካሉም አይርሷቸው። ፌስቡክ ራሱ “ወዳጆችህን ጥቀስ፣ በገጽህ አጋራ፣ ዕጣ ውስጥ ትገባለህ” የሚል ውድድርን በደንቡ ይከለክላል። ውድድሩ ይህን ከጠየቀ ገና ከጅምሩ ሊጠረጥሩት ይገባ ነበር።

አሁን ከሁሉ አስቀድመው እናትዎ በመልእክት የገባላቸውን ያን የማረጋገጫ ቁጥር ለደዋዩ ነግረው እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ሳይቆጡ ይጠይቋቸው፣ ከተቆጡ ይደብቁዎታል። ነግረው ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ባንካቸው፣ ቀጥሎም ወደ ፖሊስ ይሂዱ። በስማቸው ሌላ ሲም ካርድ ወጥቶ እንደሆነ በቴሌኮም አገልግሎት ማእከል ያጣሩ። ማስታወቂያውን፣ የሞሉትን ቅጽ፣ የተለዋወጡትን መልእክትና የተደወለበትን ቁጥር ከነሰዓቱ በፎቶ ያስቀሩ፤ ብዙዎች አፍረው ሁሉንም አጥፍተው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። ገጹ የማን እንደሆነ፣ ዕጣ ለማውጣትም ፈቃድ እንደነበረው ጠበቃዎ ያጣራልዎታል።

ከዚያ ፈቃድ የማንሻና የማሰረዣ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለእርስዎ አንድ፣ ለእናትዎ አንድ። የእርሳቸውን ራሳቸው አንብበው ይፈርሙ፤ እርስዎ አይፈርሙላቸው። ከመላክዎ በፊት ሁለቱንም በሐዋሳ ላለ ጠበቃ ከማስረጃው ጋር ያሳዩ፤ እኔ የጻፍኩት በአንድ ደብዳቤ ብቻ ተመሥርቼ ነው።