ክንዳችሁን ማንም አይቆጥርላችሁም

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ቤዝቦል ለምትወዱ፣ በተለይ ደግሞ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) መሆን ለምትመኙ ነው። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የልጆችን ክርንና ትከሻ ሳክም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደጉ የሐበሻ ልጆችም ይመጡልኛል። ወላጆቻቸው እግር ኳስ እንጂ ቤዝቦል አያውቁም። ስለዚህ ለእናትና ለአባታችሁም ብታነቡላቸው ደስ ይለኛል።

ከዚሁ ከከተማችን ቡድን ከናሽናልስ ልጀምር። ፒቸሩ ስቲፈን ስትራስበርግ በ2009 ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ከመላው አገሪቱ ወጣቶች ቀድሞ የተመረጠ ልጅ ነበር። በጁን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ የፒትስበርግ መቺዎችን 14 ጊዜ በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱ፣ አሰናበተ። ከተማው ጉድ አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን የክርኑ ጅማት ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ።

ይህ ቀዶ ጥገና ቶሚ ጆን ይባላል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩለት ፒቸር ስም ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ይወሰድና በተበጠሰው ቦታ ይተካል። ቶሚ ጆን ከዚያ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል። ይህን የሰሙ ልጆች "ቢበጠስም ይሠራልኛል" ይሉኛል። እንዲያውም ሳይጎዱ ቀድመው ቢሠሩት ፍጥነት የሚጨምርላቸው የሚመስላቸው አሉ። ኧረ ተዉ! አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ከጨዋታ ያርቃል፤ ወደ ቀድሞ አቋማቸው ያልተመለሱም ብዙ ናቸው።

በ2012 ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ እየሸተተው ነበር። ክለቡ ግን ስትራስበርግ 159 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ ነው) እንደወረወረ "በቃህ" ብሎ በሴፕቴምበር አስቀመጠው። ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ በፕሌይኦፍ፣ ላይ አልተሰለፈም። ቡድኑም በሴንት ሉዊስ ተሸንፎ ወጣ። እዚህ አካባቢ ሰዎች ዛሬም በዚህ ጉዳይ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በ2019 የዓለም ሻምፒዮናውን ሲያነሱ የፍጻሜው ኮከብ ማን ነበር? እሱ ራሱ።

የታሪኩን ሌላ ግማሽ ደግሞ አልደብቃችሁም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የ7 ዓመትና የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ ወዲህ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል የሚያልፉ ነርቮች የሚጨፈለቁበት ችግር ይዞት በ2024 ጫማውን ሰቀለ። ጥንቃቄ ዕድሜ ይጨምራል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

ከእሱ በኋላ የመጡትንም እዩ። ኬድ ካቫሊ በ2020 በመጀመሪያው ዙር ተመረጠ። በኦገስት 2022 አንድ ጨዋታ እንደተጫወተ ትከሻውን አመመው። በ2023 የጸደይ ልምምድ ላይ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ወደ ሜጀር ሊግ (ወደ ከፍተኛው ሊግ) የተመለሰው በኦገስት 2025 ነው። ጆሳያ ግሬይ በ2023 ኦልስታር (ከሊጉ ምርጦች አንዱ) ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ስለዚህ ጨዋታ የሚከፍቱ አምስት ፒቸሮች የሚፈልግ ክለብ ቢያንስ አሥር ማሳደግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ግማሹ እንደሚጎዳ አስቀድሞ አስቦ ነው የሚያቅደው። ለክለቡ ይህ ጥሩ እቅድ ነው። እናንተ ግን ያላችሁ አንድ ክንድ ነው።

ይህን ያህል ጉዳት ለምን በዛ? ትልቁ ምክንያት ፍጥነት ነው። በ2008 የሜጀር ሊግ ፋስትቦል (በኃይል የሚወረወረው ፈጣን ኳስ) አማካይ ፍጥነት በሰዓት 91 ማይል ገደማ ነበር። ዛሬ 94 ደርሷል። መልማዮች የፍጥነት መለኪያውን ስለሚያዩ የ14 ዓመት ልጅም እያንዳንዱን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል። ጡንቻ በስፖርት ቶሎ ይፈረጥማል። ጅማት ግን እኩል አይራመድለትም።

ክሊኒክ ውስጥ በጣም የማውቀው ነገር አለ። የክርኑን የውስጥ ጎን በአውራ ጣቴ ጫን አደርግና "ያምሃል?" እላለሁ። ልጁ መጀመሪያ የሚያየው እኔን አይደለም፤ አባቱን ነው። ቅዳሜ ውድድር አለ። ፊቱ ጭምድድ ብሎ "ምንም አይልም" ይለኛል። እንዲህ ሲሆን አባትየውን ለአፍታ ውጭ እንዲጠብቁ እለምናለሁ። በሩ ሲዘጋ መልሱ ይለወጣል።

ሜጀር ሊጉና የአገሪቱ የቤዝቦል ፌዴሬሽን ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት መመሪያ አለ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ95 ኳስ በላይ አይወረውርም። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ከ76 ኳስ ጀምሮ ከወረወረ 4 ቀን ያርፋል። በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከመወርወር መታቀብ፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሦስቱን ወር በተከታታይ ማረፍ ያስፈልጋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አንዱ ልጅ ለትምህርት ቤቱም ለክለቡም ይጫወታል። እያንዳንዱ አሠልጣኝ የራሱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ድምሩን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ቀኑን፣ የኳሱን ብዛት፣ በማግስቱ ክንዳችሁ ምን እንደተሰማው። ወርውራችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳስ ተቀባይ) ሆናችሁ አትግቡ፤ ያም መወርወር ነው።

በእረፍቱ ወራት ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ፣ እግር ኳስ ተጫወቱ። ቼንጅአፕ የሚባለውን ዘገምተኛ ኳስ በጊዜ ተማሩ። የክንዱ እንቅስቃሴ እንደ ፋስትቦል ሆኖ ኳሱ ሲዘገይ መቺው ዱላውን ቀድሞ ያወዛውዛል። መቺን ማታለል የቻለ ልጅ በየኳሱ ጉልበቱን አሟጦ መጨረስ አያስፈልገውም።

የክርናችሁ የውስጥ ጎን ካመማችሁ የዚያኑ ቀን ተናገሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ማስታገሻ ውጣችሁ ሜዳ አትግቡ። "አመመኝ" ስላላችሁ የሚቆጣ ወይም ከሰልፍ የሚያወጣችሁ አሠልጣኝ ከገጠማችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩና ሌላ ቡድን ፈልጉ።