ማገጃው ሥራ ሲያቆም፣ ከፍለውም ማስታወቂያ ሲመጣ

ጥያቄ፦ ክሮም ላይ ለዓመታት የተጠቀምኩበት የማስታወቂያ ማገጃ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ጠፋብኝ። በምትኩ ሁለት ሌሎች ማገጃዎች ጫንኩ፤ አሁን ዩቲዩብ ጭራሽ አላጫውትም አለ። የቤቱን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) ማስታወቂያ ወደሚያግድ ብቀይር ይሻለኛል?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ክሮም ማኒፌስት 3 ወደተባለው አዲስ የኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ደንብ ሲሸጋገር ከ2024 ጀምሮ የቀድሞዎቹን ኤክስቴንሽኖች ደረጃ በደረጃ አስወጥቷል። በቀድሞው አሠራር ማገጃው ብራውዘሩ የሚልከውን እያንዳንዱን ጥያቄ አስቁሞ ይለፍ አይለፍ ብሎ ራሱ ይወስን ነበር። አሁን የሚታገዱትን ዝርዝር አስቀድሞ ለብራውዘሩ ያስረክባል፤ ወሳኙ ብራውዘሩ ሆነ። ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የተሠራው በዚህ ደንብ ነው። ለአብዛኛው ድረ ገጽ ይበቃል፤ ዩቲዩብ አሠራሩን በለዋወጠ ቁጥር ግን እንደ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ቶሎ ሊደርስበት አይችልም። ሙሉው ፋየርፎክስ ላይ ዛሬም ይሠራል።

ሁለት ማገጃ መደራረብ ግን ነገሩን ያባብሳል። አንዱ ማገጃው እንዳይታወቅ ሲሸፍን ሌላው ያንኑ ሽፋን ያፈርስበታል፤ ዩቲዩብም ይነቃል። ስለዚህ አንድ ብቻ አስቀርተው ሌላውን ያጥፉ። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክን ከፍተው የማርሹን ምልክት ይጫኑ፣ የፊልተር ዝርዝሮቹ (የሚታገዱት ዝርዝሮች) ገጽ ላይ ዝርዝሮቹን ያድሱ፣ ከዚያ ዩቲዩብን እንደገና ይክፈቱ። አዲስ ማገጃ ሲጭኑም ስሙን አጣርተው ይሁን፤ በየድረ ገጹ የሚያዩትን ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ነው የሚሰጡት፣ በተመሳሳይ ስም የሚቀርቡ አስመሳዮችም አሉ።

ዲኤንኤሱን ይተዉት። ዲኤንኤስ የሚያግደው የአድራሻ ስም ነው፤ ዩቲዩብ ደግሞ ማስታወቂያውንም ቪዲዮውንም ከዚያው ከጉግልቪዲዮ አድራሻ ይልካል። አንዱን ሲዘጉ ሌላውም ይዘጋል። በ2024 ዩቲዩብ ማስታወቂያውን ሰርቨሩ ላይ ከቪዲዮው ጋር ሰፍቶ መላክ መሞከሩም ታውቋል፤ ይህ ለማንኛውም ማገጃ ከባድ ነው።

ማገድ የዩቲዩብን የአጠቃቀም ውል እንደሚጥስም ይወቁት። ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለባለ ቻናሉ ነው፤ ሲያግዱ ይህም ይቀርበታል። ዩቲዩብን ያለ ማስታወቂያ ለማየት የሚከፈለውን ፕሪሚየም ሲከፍሉ ግን ከክፍያዎ ለሚያዩዋቸው ቻናሎች ይከፋፈላል። አዘውትረው ለሚያዩ ሰው እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ፕሪሚየም ገዝቻለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ማስታወቂያ አልቀረም።

መልስ፦ ክፍያው የተያያዘው ከአካውንቱ ጋር እንጂ ከቤቱ ጋር አይደለም። ቴሌቪዥኑ ላይ የፕሮፋይል ምልክቱን ከፍተው የገባው ኢሜይል የከፈሉበት መሆኑን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የልጅ ወይም የቆየ አካውንት ሆኖ ይገኛል። የገዙት ርካሹ ፕሪሚየም ላይት ከሆነ ሙዚቃና ሾርትስ (አጫጭር ቪዲዮዎች) ላይ ማስታወቂያ ይቀጥላል። ባለ ቻናሉ በራሱ አንደበት የሚያስተዋውቀው ደግሞ የቪዲዮው አካል ስለሆነ በየትኛውም ክፍያ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ አፑን አጠፋሁ፤ ክፍያው ግን ቀጥሏል።

መልስ፦ አፕ ማጥፋት ውል አያቋርጥም። የሚያቋርጡት በገዙበት በኩል ነው፦ በድረ ገጹ ከሆነ በዩቲዩብ የግዢዎችና አባልነቶች ገጽ፣ በአይፎን አፕ ከሆነ በስልኩ ሴቲንግ ስምዎን ተጭነው ከደንበኝነቶች ዝርዝር። የከፈሉበት ጊዜ እስኪያልቅ አገልግሎቱ አይቋረጥብዎም። እንደገና ሲገዙ በብራውዘር ይግዙ፤ በአይፎን አፕ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ይወደዳል።