ሰርኪትን ሸምድደህ ማሽን አትግባ

ወንድሜ፣ «የኤሲ ሰርኪት ፎርሙላዎችን በቃሌ ይዤ ብገባ ኤሌክትሪካል ማሽንን አልፋለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አታልፍም። እኔ በዚሁ አንድ ዓመት ከስሬያለሁ።

1ኛ. ቁጥር ከመንካትህ በፊት ፌዘር ዲያግራሙን (ቮልቴጅና ከረንትን በቀስት የሚያሳየውን ሥዕል) ሣል። ላብ ላይ ሬዚስተርና ኮይል በሲሪስ አያይዘን 50 ቮልት ሰጠናቸው። ስለካ ሬዚስተሩ ላይ 30፣ ኮይሉ ላይ 40 አነበብኩ። ድምሩ 70! መልቲሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ተዋስኩ፤ ያው ነው። ሪፖርቱ በማግስቱ ስለሚገባ 40ውን ሰርዤ 20 አደረግኩት። አሲስታንቱ ወረቀቱን እንዳየ ቀይ እስክሪብቶውን 20ው ላይ አሳርፎ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ምን ልመልስ? ሁለቱ ቮልቴጆች በ90 ዲግሪ ስለሚራራቁ የሚደመሩት እንደ ቬክተር ነው፤ 30 እና 40 ደግሞ 50 ይሰጣሉ። (የኮይሉ ሽቦ የራሱ ሬዚስታንስ ስላለው ንባቡ ትንሽ ዝንፍ ይላል፤ እንዳያስደነግጥህ።) ትክክለኛውን መልስ በእጄ ይዤ ነው ያጠፋሁት። ላቡ ዜሮ፣ የሰርኪት ኮርሱ ኤፍ ሆነ።

2ኛ. ማመልከቻ ስታስገባ በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርግ። ኮርሱ እኛ ጋ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፣ ያለ እሱ ደግሞ ማሽን አትመዘገብም። ስለ ምዝገባው ልጠይቅ ሬጅስትራር ስሄድ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቀና እንኳ ሳትል «ዲፓርትመንትህን ጠይቅ» አለችኝ። ዲፓርትመንቱ «የሬጅስትራር ጉዳይ ነው» አለ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ በአራተኛው ቀን የአድ (ኮርስ የመጨመሪያ) ጊዜ አለፈ። መምጣቴን የሚያሳይ አንድ ወረቀት አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ግን እያንዳንዱን ጥያቄ እየሣልኩ ሠራሁ፤ ማሽን ስገባም እሱ ነው ያዳነኝ። ሞተሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ማንበብ ልመድ። 50 ኸርዝ፣ 4 ፖል (የማግኔት ዋልታ)፣ 1440 ዙር በደቂቃ የሚል ካየህ የማግኔቲክ ፊልዱ ፍጥነት 120 በ50 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 1500 ነው። የ60 ዙር ልዩነቱ፣ ማለትም 4 በመቶው፣ ስሊፕ ይባላል። ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ከፊልዱ እኩል ቢዞር ኢንዱስድ ከረንት (ፊልዱ የሚቀሰቅሰው ከረንት) አይኖርም፤ ከረንት ከሌለ ቶርክ (የማዞር ኃይል) የለም። ይሄ የገባው ሰው ፎርሙላውን ራሱ ያወጣዋል።

ሰሌዳው «220/380 ዴልታ/ስታር» ካለ ደግሞ (ሁለቱ የሞተሩ የሽቦ ጥቅሎች የሚገናኙባቸው መንገዶች ናቸው) በ380 መስመር ላይ በስታር እሰረው። በዴልታ ካሰርከው 220 የሚችለው ጥቅል 380 ይወርድበትና ይቃጠላል። 380ን ለ1.73 አካፍል፤ 220 ለምን እንደመጣ ሥዕሉ ላይ ታየዋለህ። ማሽንን በኤ ጨረስኩ፤ ለፋይናል የዶርም ልጆችን ሌሊት ሌሊት ያስጠናሁት እኔ ነበርኩ።

የሚድ ወረቀትህ ሲመለስልህ የተሳሳትክበትን ጥያቄ ከነሥዕልህ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ። ሥዕል ከሌለው መጀመሪያ ሥለህ ና።