ምሳሽን እርሺ፣ ጃንጥላሽን አትርሺ

ከሲልቨር ስፕሪንግ «ግራ የገባኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። 23 ዓመትሽ ነው፤ በዘጠኝ ዓመትሽ አሜሪካ ገብተሽ ዜግነት አግኝተሻል፤ ባለፈው ዓመት በሥነ ልቦና ተመርቀሻል። ጄት በሚባለው የጃፓን መንግሥት ፕሮግራም ረዳት የእንግሊዝኛ መምህር ሆነሽ ተመርጠሻል። ቶኪዮ ወይም ኦሳካ ብለሽ ጠይቀሽ የደረሰሽ ግን ሺማኔ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ ተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እዚሁ ሜሪላንድ ደግሞ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ በ48,000 ዶላር ሊቀጥርሽ ይጠብቅሻል። እናትሽ «ሰው ከገጠር ለመውጣት ይሞታል፣ አንቺ ገጠር ፍለጋ ባሕር ታቋርጫለሽ?» ብለውሻል። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው፤ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ስመለስ ቀጣሪዎች ዓመታቱን እንደ ባከነ ጊዜ ይቆጥሩብኛል ወይ፣ ጥቁርና ኦርቶዶክስ ሆኜስ እዚያ እንዴት እኖራለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሂጂ፤ ሁለት ዓመት ብለሽ ቆርጠሽ ሂጂ። ግን የማስተማሩ ሥራ ትልቅ ነገር ይሆንልኛል ብለሽ ተስፋ አታድርጊ። ሥራው ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር ቋንቋውና ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ያለው ኑሮ ነው፤ እሱን ራስሽ ካልለቀምሽው ማንም አምጥቶ አይሰጥሽም። ገለልተኛ መካሪ እንዳልሆንኩም እወቂ፤ እኔም ከ2006 እስከ 2009 እዚያው ሺማኔ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ጄት የተጀመረው በ1987 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአራት አገሮች 848 ወጣቶች ሄዱ። ዛሬም ከሚሄዱት አብዛኞቹ እንዳንቺ ረዳት መምህራን ናቸው። ውሉ የአንድ ዓመት ሲሆን ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ እስከ አምስት ዓመት ሊታደስ ይችላል። «ረዳት» የምትለዋን ቃል ግን ቀለል አድርገሽ አትለፊያት። ክፍሉ የጃፓናዊው መምህር ነው፤ የማስተማር ፈቃዱም የእሱ ነው። አንዱ መምህር ጠመኔውን አስረክቦሽ ከኋላ ይቀመጣል። ሌላው «ገጽ 14ን አንብቢልን» ይልሽና ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደ ቴፕ ሪከርደር አንብበሽ ወደ ጥግሽ ትመለሻለሽ። ክፍል የሌለሽ ቀንም ይኖራል፤ ያን ቀን ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጠሽ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ግድግዳ ታያለሽ። የጄት ሰዎች ምንም ብትጠይቂያቸው «የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ይለያያል» ነው የሚሉሽ። ያበሽቃል፤ ግን እውነት ነው።

የምትፈለጊበት ቦታ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት ሆኗል። የሚያስተምሩት ደግሞ በአብዛኛው የክፍል ኃላፊዎች ናቸው፤ ሒሳቡንም ስፖርቱንም ሙዚቃውንም የሚያስተምሩ ሰዎች። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ያፍራሉ። እዚያ ስትገቢ ጌጥ መሆንሽ ይቀራል።

የትምህርት ቤቱን ቀን በቅርብ ላሳይሽ። በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ አለ፤ የውጭ ጫማሽን አውልቀሽ ለውስጥ ብቻ የምትይዢውን ታጠልቂያለሽ። (እግርሽ ትልቅ ከሆነ ከዚህ ገዝተሽ ሂጂ፤ እኔ አንድ ወር ሙሉ ተረከዜ ከእንግዳ ነጠላ ጫማ ወጥቶ ስንፏቀቅ ከርሜአለሁ።) በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት የሚባል ነገር የለም። ተረኛ ተማሪዎች ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው ድስቱን እየገፉ ወደ ክፍል ያመጣሉ፤ ሾርባውን በጭልፋ፣ ሩዙን በማንኪያ ያካፍላሉ። መምህሩም አንቺም ከልጆቹ ጋር ያንኑ ትበያላችሁ። ሁሉም እስኪደርሰው ማንም አይነካም፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ገጥመው በአንድ ድምፅ አመስግነው ይጀምራሉ። ድስቱ ውስጥ የተረፈች ቁራጭ ካለች በወረቀት፣ መቀስ፣ ድንጋይ ጨዋታ ዕጣ ይወጣባታል። ቀጥሎ ጽዳት ነው። ደወሉ ሲደወል ርእሰ መምህሩ ሳይቀር መጥረጊያ ይይዛል፤ ልጆቹ ተንበርክከው ኮሪደሩን በእርጥብ ጨርቅ እየተሽቀዳደሙ ይወለውላሉ። ቆመሽ አትመልከቺ። እኔ ቋንቋውን ከልጆቹ የለመድኩት በክፍል ውስጥ ሳይሆን በእነዚያ አሥራ አምስት ደቂቃዎች፣ መወልወያ ይዤ ነው።

ጾምሽን በተመለከተ አንድ ነገር ስሚኝ። በመጀመሪያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ዝም ብዬ ወተቱንና ሥጋውን እየመለስኩ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ነርስ ተጨንቃ መጣች፤ ታምሜ ወይም ምግቡን ንቄ መስሏት ነበር። ልጆቹ ምግብ እንዳያተርፉ ስለሚማሩ የመምህሩ ሙሉ ሳህን ዓይን ይስባል። ስለዚህ ገና ስትደርሺ፣ እንደ አለርጂ ጉዳይ ቆጥረሽ፣ የጾም ወራትሽን በጽሑፍ ስጫቸው። የምሳው ሒሳብ በወር የሚከፈል ስለሆነ በእነዚያ ወራት የራስሽን ምሳ እንድትይዢ ፍቀዱልኝ በያቸው። ቶፉና የተብላላ አኩሪ አተር በሽ ነው። ሾርባው ግን ሥጋ ባይኖርበትም ብዙውን ጊዜ መረቁ የዓሣ ነው፤ የዓሣውን ነገር ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺ፣ እኔ አልገባበትም።

ጥቁርነትሽን በሚመለከት ሁለቱንም እነግርሻለሁ። ልጆች ፀጉርሽን ይነካሉ፣ «ይታጠባል ወይ?» ይሉሻል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገብሽ ያለው ወንበር ባዶ የሚሄድበት ቀን ይኖራል፤ ያ ቀን ያማል። በሌላ ቀን ደግሞ ፖስታ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ኢትዮጵያ» ስትይ ዓይኑ በርቶ «አበበ!» ይልና ሁለት ክንዱን እያወናጨፈ የሩጫ ዓይነት ያሳይሻል። በ1964 የቶኪዮውን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ የሠራው ሰው ከእነዚያ አዛውንቶች ልብ አልወጣም። ከዓመት በኋላ ሌላው ነገር ይመጣል፦ ሁሉም ያውቅሻል። ልጆቹ ሰኞ ጠዋት «ትናንት ሱፐርማርኬት ሦስት አይስ ክሬም ገዛሽ አይደል?» ይሉሻል። ከዘረኝነት ይልቅ ይህኛው ያደከማቸውን ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ሹሩባ የሚሠራልሽ ሰው ከተማሽ ውስጥ አታገኚም፤ የፀጉር ቅባትሽን ለስድስት ወር የሚበቃ ያዢ። ክንድሽ ላይ የመስቀል ንቅሳት ካለሽ ብዙዎቹ የፍል ውኃ መታጠቢያዎች አያስገቡሽም፤ እዚያ ንቅሳት የሽፍታ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ስለኖረ ነው። አማርኛ ሲናፍቅሽ ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እዚያው ሺማኔ ካለችው ከኢዙሞ ከተማ ማታ የሚነሣው የሌሊት ባቡር አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጅቶ ጠዋት ቶኪዮ ያደርስሻል።

ከተማሽ ግን ባቡር ላይኖራት ይችላል። እኔ የምሳፈርበት የሳንኮ መስመር ጎኖካዋ የሚባለውን ወንዝ እየተከተለ 108 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር፤ አንዳንዴ አንድ ፉርጎ ነው፣ ተሳፋሪዎቹም እኔ፣ ሁለት ተማሪዎችና ጎመን የታቀፉ አንዲት አሮጊት። ኡዙይ የምትባለው ጣቢያ ከመሬት 20 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ባቡር ለመያዝ 116 ደረጃ ትወጫለሽ። መስመሩ በማርች 2018 መጨረሻ ተዘጋ። ክፍለ ሀገሩ በሙሉ ከ700,000 ያነሰ ሕዝብ ነው ያለው፤ ወጣቱ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ አንዳንዱ ክፍል ሁለት ደረጃ ተማሪዎችን አንድ ላይ ያስተምራል። የውጭ መምህር ለእነዚህ ልጆች ለምን ብርቅ እንደሆነ ከዚህ ይገባሻል።

ስለዚህ መኪና ያስፈልግሻል። ሞተሯ 660 ሲሲ የሆነች፣ ቢጫ ታርጋ ያላት ትንሽ መኪና ግዢ፤ ግብሯም ቀላል ነው። ከመሄድሽ በፊት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጪ፤ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በጃፓን መንጃ ፈቃድ ለማስለወጥ ሌሎች ብዙ አሜሪካውያን ፈተናውን ሦስቴና አራቴ እየወደቁ ሲመላለሱ፣ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ያለው ግን ያለ ጽሑፍና ያለ መንዳት ፈተና ያስለውጣል። የሜሪላንዱን ፈቃድ ካወጣሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር አሜሪካ መኖርሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያዢ። መንገዱ በግራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬቻ አበራለሁ ስትይ የዝናብ መጥረጊያውን ታስነሺያለሽ፤ ከኋላሽ ያለው ሾፌር አዲስ መሆንሽን በዚያ ያውቃል።

ዝናቡንማ አታንሺው። የዚያ አካባቢ ሰዎች «ምሳህን ብትረሳ እንኳ ጃንጥላህን አትርሳ» ይላሉ። ቤቶቹ ማዕከላዊ ማሞቂያ የላቸውም፤ በጋዝ ምድጃና ሥሩ ማሞቂያ ባለው ብርድ ልብስ በለበሰ ጠረጴዛ ነው ብርዱ የሚታለፈው። በ1890 ላፍካዲዮ ኸርን የተባለ ጸሐፊ የሺማኔ ዋና ከተማ ወደሆነችው ማትሱዌ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ሄዶ፣ አገሩን ወድዶ፣ ሚስቱንም እዚያው አግኝቶ ሳለ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደቡብ ተዛወረ፤ አንዱ ምክንያት ብርዱ ነበር። አንቺ የምትሄጂበት ሥራ፣ እንግዲህ፣ ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ እንጀራሽ። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ለብዙ ጊዜ 3,360,000 የን ነበር፤ በቅርቡ ተሻሽሏል፣ ውልሽ ላይ ያለውን እይ። በየን ስትኖሪ ገጠር ስለሆነ ይበቃሻል፤ የመምህራን መኖሪያ ከሰጡሽ ኪራዩ ያስቅሻል። በዶላር ስትመነዝሪው ግን ልብሽ ይወድቃል፤ በ2024 አንድ ዶላር ከ160 የን ያለፈበት ጊዜ ነበር። የትምህርት ብድር ካለብሽ ይህን ስሌት ከመፈረምሽ በፊት ሥሪ። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ የምትኖሪበት ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር ያዢ። ስትመለሺ የከፈልሽውን የጡረታ መዋጮ በሁለት ዓመት ውስጥ አመልክተሽ መውሰድ ትችያለሽ፤ 20.42 በመቶ ታክስ ይቆረጥበታል፣ እዚያ ወኪል ካደረግሽ እሱንም ማስመለስ ይቻላል። ነገር ግን በአሜሪካና በጃፓን መካከል ከ2005 ጀምሮ የጡረታ ዘመንን የሚያደማምር ስምምነት አለ፤ ገንዘቡን ከወሰድሽ ያ ዘመን አይቆጠርልሽም። በ23 ዓመትሽ ይህ አይታይሽም፤ ስለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ስትመለሺ ቀጣሪ የሚጠይቅሽ «ጃፓን እንዴት ነበር?» ብሎ አይደለም፤ ምን ይዘሽ መጣሽ ነው የሚልሽ። የጃፓንኛ ፈተናው ከኤን5 እስከ ኤን1 ደረጃ አለው፤ ከሁሉም ከባዱ ኤን1 ነው። እዚያ በጁላይና በዲሴምበር ይሰጣል። ባዶ ቀኖችሽን ሁሉ ለዚህ አውያቸው፤ በሁለት ዓመት ኤን2 ይዘሽ ከተመለስሽ የኢንሹራንስ ቢሮውን ወንበር አትናፍቂውም። ኤን2 ሳትይዢ አምስት ዓመት ከተቀመጥሽ ግን እናትሽ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ኑሮው ስለሚመች በየዓመቱ «አንድ ዓመት ልጨምር» እያሉ 30 የሞላቸው ልጆች ቢሮዬ ይመጣሉ። የማደስ ጥያቄው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ግድም ይመጣል፤ ልክ ብርዱ ሲበረታ፣ ልክ ሰው ማሰብ ሲያቅተው። መልስሽን በመስከረም ወስነሽ ጠብቂው። ዋሽንግተን የቀድሞ ጄቶች ማኅበር አለ፤ ሺማኔ የነበረ ሰው ፈልገው እንዲያገናኙሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው።

ይህን የምታነቡ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ፦ ጄት በዜግነት የሚወሰን ነው። ለእናንተ የሚቀርበው የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር የነፃ ትምህርት ዕድልና ከ2014 ጀምሮ አፍሪካውያንን በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምረው፣ ከሥራ ልምምድ ጋር የሆነው ኤቢኢ የሚባለው ፕሮግራም ነው። በግል ደላላ ድርጅት መምህር ሆናችሁ ስትቀጠሩ የበጋ ዕረፍቱ ደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

እናትሽን ወደ መጨረሻ ያመጣኋቸው አንድ ሥራ ስላለኝ ነው። ጀበና፣ ስኒና የተቆላ ቡና ያዘጋጁልሽ፤ ጥሬው ኬላ ላይ ምርመራ አለበት፣ የተቆላው ግን ያልፋል። እኔ ማትሱዌ ከሚገኝ ቡና ቆይ ጥሬ ገዝቼ፣ በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን የቤት ሙያ ክፍል ውስጥ ስቆላ የእሳት ማስጠንቀቂያውን አስጮኽኩት፤ 90 ልጆች ሜዳ ላይ በሰልፍ ቆመው ተቆጠሩ። ማትሱዌ የሻይ ሥነ ሥርዓት አገር ናት። ለተማሪዎቹ ሻይ የሚያስተምሩት አሮጊት ከሰልፉ መልስ መጥተው ተንበርክከው ተቀመጡ፣ አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ። ለመነሣት ሲሉ ሦስተኛ እንዳለ ነገርኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ጀበናዬን ለእሳቸው ትቼላቸው ነው የመጣሁት።